ስድስት ሳምንት ያረፈ ጣት

የዓለት መውጣት ስፖርት አሠልጣኙ ያማናፓ፣ በሕንድ አገር ከባዳሚ ቀይ ገደል ሥር ሞቶ በጀርባው ተዘርሯል። እንደ ልማዱ፣ ማንም ዓለቱን ከመንካቱ በፊት ገመዱን ሊፈትሽ ሲንጠለጠልበት ነው የወደቀው። ኢንስፔክተር ኢራቫ፣ ገመዱ ከገደሉ አናት የታሰረበትን ጠፍር አገላብጣ አየችው። ግማሹ በቢላ ተቆርጧል፤ ግማሹ በሰውዬው ክብደት ተበጥሷል።

«ትናንት አመሻሹ ላይ አዲስ ጠፍር ያሰረው ራሱ ነው፤ ሦስታችንም አይተናል» አለ ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ጉሩናት።

ወደ አናቱ የሚያወጣው የኋላ መንገድ በአጥር የተዘጋ ነው፤ ዘበኛውም ማንም አላለፈም ብሎ ምሏል። ስለዚህ ጠፍሩን የቆረጠው ሰው ዓለቱን ቧጥጦ ወጥቷል ማለት ነው። ችግሩ ግን በያማናፓ ቤት የሚኖሩት ሦስቱም ወጣቶች ጉዳተኞች ናቸው፤ ሟቹ እያሸና እየተቆጣ ያስታምማቸው ነበር። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረው ጉሩናት እግሩ በጀሶ ከታሰረ አራት ሳምንቱ ነው። የሬኑካ ትከሻ ከወለቀ አሥራ ሁለት ቀኑ ሲሆን ክንዷ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። ሐኑማንት ደግሞ የቀለበት ጣቱ ጅማት ማሰሪያ ከተበጠሰ ስድስት ሳምንት ሞላው፤ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። በብሔራዊ ቡድኑ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነውና ሦስቱም ዓይንህን ላፈር ከተባባሉ ቆይተዋል።

«እሷ ናት!» አለ ሐኑማንት። «ትናንት ስትጮህበት ያልሰማ የለም። ትከሻዋም ድሮ ድኗል፤ ታስመስላለች እንጂ።»

«አፈር ብላ!» አለች ሬኑካ። «ቦታውን ስጠኝ አልኩት፣ እምቢ አለኝ፣ ጮህኩበት። በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ውሸታም! ላንቺ እንደሰጠሽ አገር ያውቀዋል።»

ከኢራቫ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ይዞ ወደ ሬኑካ ተጠጋ። ኢራቫ በእጇ አስቆመችው።

«አንተስ ሐኑማንት?»

«ቂጣ እንኳ የምቆርሰው በመከራ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዓለት አልነካሁም» አለና በንቀት ፊቱን አዞረ። ከኪሱም ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ፣ ሳያስበው የጣቶቹን ጫፍ ይሞርድ ጀመር።

ኢራቫ ጣቶቹን አየች። ከዚያ ሦስቱንም በሟቹ ቤት በረንዳ ላይ በመደዳ አስቀመጠቻቸው።

«እጃችሁን ዘርጉ። ሬኑካ፣ ጣት የሚሞረደው ለምንድን ነው?»

«ዓለት ቆዳን ያደድረዋል። ጠርዙ ከተነሳ ስለሚቀደድ ከወረድን በኋላ እንሞርደዋለን።»

«የማይወጣ ሰውስ?»

«ምኑን ይሞርዳል? ይላጥና የሕፃን ቆዳ ይመስላል።»

የሬኑካ ጣቶች እየተላጡ ነበር፤ የጉሩናት ለስልሰዋል። የሐኑማንት ግን እንደ ተረከዝ ደድረው ጠርዛቸው ገና ተነስቷል።

«ተደብቄ ብለማመድስ? ቆዳ ሰው አይገድልም!» አለ ሐኑማንት።

«አይገድልም። ግን ከሦስታችሁ መውጣት የሚችለው ማን እንደሆነ ይናገራል» አለች ኢራቫ። «ደግሞስ ቦታው ለሬኑካ ከተሰጣት ለምን ትገድለዋለች? ተሰጣት ብሎ የተቃጠለው አንተ ነህ። እሱን ገድለህ እሷን ብታሳስር ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቅሃል። በል፣ ፋሻውን ፍታ።»

አልፈታም። ፖሊሱ ፈታው። ጣቱ አብጦ ጠቁሯል፤ የስድስት ሳምንት ቁስል እንዲህ አይመስልም።

«ትናንት ማታ እንደገና ተበጠሰ፤ አይደል?»

«ጧ ሲል ሰምቼዋለሁ» አለ ሐኑማንት ጥርሱን ነክሶ። «አሁንም ቢሆን አልቆጭም። ያ ሽማግሌ ሸጦኛል!»

ኢራቫ ከሟቹ ኪስ ያገኘችውን፣ ዛሬ ለቡድኑ ሊላክ የነበረ ወረቀት አውጥታ አነበበች። «ሐኑማንት። ሦስት ሳምንት ከታገሠ ጣቱ ፈጽሞ ይድናል። ሬኑካ ብትቆጣኝም ቦታው የእሱ ነው።»

ሬኑካ ፊቷን አዞረች።

«ድገሚው» አለ ሐኑማንት። ድምፁ ተሰብሯል። «እባክሽ፣ አንዴ ድገሚልኝ።»

ኢራቫ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። አልደገመችለትም።