ዘሪቱና የብራዚል ሴቶች

ዘሪቱ መርዕድን ያወቀችው በፈረንጆቹ 2014 ጸደይ፣ ባሕር ማዶ፣ ብሩክሄቨን በምትባል ከተማ ባለ ቤተ መጻሕፍት፣ መሰላል ላይ ቆሞ መብራት ሲያስተካክል ነው። ግድግዳው ላይ የብራዚል ሴቶች ፎቶግራፎች ተሰቅለዋል፤ ኳስ ተጫዋቿ ማርታ፣ የሙዚቃ ደራሲዋ ሺኪኛ ጎንዛጋ፣ በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ላይ የሴቶች እኩልነት እንዲጻፍ የተሟገተችው በርታ ሉትዝ።

«ያቺን ሴትዮ ምነው ጨለማ ውስጥ ተውካት?» አለችው።

«ማን ናት?»

«ዶክተር ኒዚ ዳ ሲልቬይራ። የአእምሮ ሕሙማንን በኤሌክትሪክ አላስነዝርም ብላ ብሩሽና ቀለም የሰጠቻቸው።»

«ከኤሌክትሪክ ጋር ከተጣላች እኔን ኤሌክትሪሻኑንም አትወደኝም በያ!»

ዘሪቱ ሳቀች። መብራቱን ወደ ኒዚ አዞረላት፤ ዓይኑን ግን ከዘሪቱ ላይ መንቀል አቃተው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ፎቶዎቹ ሥር ይገናኙ ጀመር። ሕልም የሚመስል ጊዜ ነበር። ዘሪቱ ሚድታውን በሚባለው ሰፈር፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የአእምሮ ሕሙማንን ታስታምማለች። አንድ ቀን የሆዷን ነገረችው።

«ሪዮ ያለ ትምህርት ቤት አክሴፕት አድርጎኛል፤ ሁለት ዓመት። የኒዚን ሥራ ልማር። አባዬ ግን ሴት ልጅ ብቻዋን አገር አታቋርጥም፣ እዚሁ አግብተሽ ተቀመጪ አለኝ። ያለ እሱ ምርቃት ደግሞ እግሬ አይነሳም።»



በሳምንቱ እሑድ ስማይርና ከተማ ባለው የአባቷ የአቶ ይገዙ ቤት፣ ሦስት ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው ደረሱ። የላካቸው መርዕድ መሆኑን ዘሪቱ ኩሽና ሆና ሰማች፤ ደሟ ፈላ። እኔን ሳይጠይቅ! ሊያስቀረኝ!

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ፣ ፊታቸው በርቶ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ካሳሁን። «አቶ ይገዙ፣ የመጣነው ለልጅዎ ነው።»

«ለማን ልትጠይቋት?»

«ለማንም አይደለም። መርቀው ብራዚል እንዲሸኙልን ነው።»

አቶ ይገዙ ግራ ገባቸው። «የላካችሁ ልጅ ታዲያ ምን ያገኛል?»

«እኛም ጠይቀነው ነበር። ‹እሷ ትሂድ፤ ስትመለስ ራሷን እጠይቃታለሁ› አለን።»

አቶ ይገዙ በዕድሜያቸው ሽማግሌ አሳፍረው አያውቁም። አንገታቸውን ደፍተው፣ «እሺ፣ ትሂድ። እግዚአብሔር ይከተላት» አሉ።

ዘሪቱ እንባዋን ሳትጠርግ ወጣች። መርዕድ መኪናውን መንገዱ ዳር ፓርክ አድርጎ፣ መሪውን ጨብጦ ተቀምጧል። በሩን ከፍታ አጠገቡ ገባች።

«ፈቀዱልሽ?»

«ፈቀደ።»



«ስትመለስ እጠይቃታለሁ አልክ አሉ።»

«አዎ። ማለቴ፣ አልቸኩልም።»

«እኔ ግን ሁለት ዓመት አልጠብቅም» አለችው። «አሁን ጠይቀኝ።»