«ላግባ» እያለ የገባው ሰው

ስለ ካርቱም ዛሬ ሰው የሚያወራው ስለ ጥይት ነው። እኔ የማወራው ስለ አንዲት ፊደል ነው፤ ጊዜውም ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የመጨረሻው ክረምት ነው።

ያኔ ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ውስጥ ሀጃ ኒዕማ ቤት እሠራ ነበር። ሀጃ የሰባ ስምንት ዓመት ሱዳናዊት ናቸው፤ ዓይናቸው ግን ሰማያዊ ነው። ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው «ከፖርትራጋን» አሉኝ። ለካ ስኮትላንድ ውስጥ ባሕር ዳር ያለች፣ ሁለት መንገድና አንዲት ወደብ ብቻ ያላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። አያታቸው ከዚያ ተነሥቶ በአባይ ላይ የሚመላለስ መርከብ ሞተር ሊጠግን መጣ፤ ኦምዱርማን አንዲት ልጅ አየ፤ ሰልሞ አገባት፤ በዚያው ቀረ።

በዚያ ዓመት የመንደሯ ሰዎች ለሀጃ ደብዳቤ ጻፉላቸው። የመንደራቸውን ታሪክ እያዘጋጁ ኖሯል። ከየቤቱ ወጥቶ የቀረውን ሁሉ፣ ማን የት ደረሰ፣ ማንን ወለደ እያሉ ያፈላልጋሉ። ሀጃ ደስታቸው ወሰን አጣ። የአያታቸውን ሣጥን አስወረዱኝና ፎቶውንም ደብዳቤውንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። የአያታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ሊያስጽፉ ፈለጉ፤ ዓይናቸው ስለደከመም ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ካለ የጽሕፈት ሱቅ አንድ ልጅ ከነኮምፒውተሩ አስጠሩ።

ልጁ ሁዘይፋ ነው። እናትና አባቱ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚያው ካርቱም ነው። ዓረብኛው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ አማርኛው ይንገዳገዳል። የመጀመሪያ ቀን በሩን ስከፍትለት ሐበሻ መሆኔን አየና ፊቱ በራ። በአገሬ ቋንቋ ሊያከብረኝ ብሎ፣

«ላግባ?» አለኝ።

ልግባ ማለቱ ነው። ያቺን «ል» «ላ» አደረጋትና ደጃፌ ላይ ቆሞ ሚስት ጠየቀ።

ሳቄን በሻሼ ጫፍ አፍኜ «ግባ» አልኩት።

በማግስቱም «ላግባ?» በሦስተኛውም ቀን «ላግባ?» ማረም ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ነገ የተባለው ስድስት ሳምንት ሆነ። እውነቱን ልናገር፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ሳይደውል በፊት በሩ ሥር መቆም ጀምሬ ነበር።

ሀጃ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ሻይ ላቅርብ ብዬ እገባና ሳልወጣ እቀራለሁ። አንድ ቀን ሀጃ አንድ ፎቶ አነሡ። ወጣት ሴቶች በሰልፍ ቆመዋል። በእጃቸው ቢላ ይዘዋል፤ ጣቶቻቸው በብጣሽ ጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«የመንደሩ ልጃገረዶች ናቸው» አሉ ሀጃ በዓረብኛ። «ዓሣው ወደ ደቡብ ሲወርድ እነሱም በባቡር ይከተሉታል። ቀኑን ሙሉ ሆድ ዕቃውን እያወጡ በርሜል ውስጥ ከጨው ጋር ይደረድሩታል። ጨውና ቢላ ጣት ስለሚበላ ነው ጨርቁ። ያገኙትን ለእናታቸው ይልካሉ።»

ፎቶውን ተቀበልኳቸው። አንዷ ካሜራውን እያየች ትስቃለች።

«ሀጃ፣ እነዚህ እኮ የአገሬ የከሚሴ ልጆች ናቸው» አልኩ።

ሁዘይፋ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ በበረኪና የተላጠውን እጄን አየው። ወደ ኋላዬ ደበቅሁት።

«አትደብቅ» አለኝ፤ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለይም። «ጠንካራ ነው። ጀሚላ።» ቆንጆ ማለቱ ነው።

ያን ቀን ሻዩ ውስጥ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመርኩ።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ መንገዱን ሐይቅ አደረገው። ሁዘይፋ ከጎርፉ ማዶ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመ። ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁና ኮምፒውተሩን ተቀብዬ ተሻገርኩ። ሀጃ ከሰገነት ላይ ሆነው በሳቅ ፈረሱ።

«ያ ቢቲ፣ ልጄ! ፖርትራጋን እኮ ሴቶቹ ባሎቻቸውን አዝለው ነው ጀልባው ላይ የሚያደርሱት! ባሕሩ በረዶ ነው፤ ወንዱ እግሩ ከራሰ ሲንቀጠቀጥ ይውላል።»

«እና እሱንም ተመልሼ ላምጣው?» አልኩ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!» ብሎ ጮኸ ሁዘይፋ ከማዶ። «እኔ ቀላል ነው!»

ነገሩን ያበላሸችው ፋጤ ናት፤ ጎረቤት የምትሠራ ጓደኛዬ። አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር በሩ ላይ ቆማ ሳለ ሁዘይፋ መጣና የተለመደውን አለ።

«ምን አለ?» ብላ ፋጤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ ልጅ፣ ማንን ነው የምታገባው?» ከዚያም ትርጉሙን በዓረብኛ ዘርግታ አስረዳችው።

ፊቱ ልውጥ አለ። ወደ እኔ ዞሮ በዓረብኛ ጠየቀኝ።

«ታውቂ ነበር? ስድስት ሳምንት?»

ምን ብል ጥሩ ነው? ምንም አላልኩም። ፋጤ እየሳቀች ስለነበር እኔም ከእሷ ጋር ስስቅበት የኖርኩ መሰለው። ካርቱም ባደገ ልጅ አማርኛ የማይስቅ የለም፤ እሱም ሲሳቅበት ነው ያደገው።

በማግስቱ ደወለ። ከፈትኩለት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየመዘነ፣

«ልግባ?» አለኝ።

ምንም ስህተት የለውም። ትክክለኛ አማርኛ ሰምቼ እንደዚያ የከፋኝ ቀን የለም።

ሦስት ቀን በዓረብኛ ብቻ፣ ከሀጃ ጋር ብቻ ተነጋገረ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ አለቀ። «መዓ ሰላማ» ብሎ ወጣ። ሀጃ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ፖርትራጋን ሊበሩ ነው፤ ቤቱ ይዘጋል። እኔም ቅዳሜ በመተማ በኩል ወደ ከሚሴ ልሄድ ነው፤ እዚያ እናቴ ባል አጭታልኝ ትጠብቃለች። ቅዳሜ ከሄድኩ ሁዘይፋን አላገኘውም።

ሐሙስ ጠዋት የሀጃን ሻንጣ ሳሰናዳ እንባዬ ልብሱ ላይ ጠብ አለ። ለምን እንደማለቅስ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«መጽሐፉ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ነገር አለ» አሉ። «አያቴ መንደሩ ውስጥ የሚወዳት ልጅ ነበረችው። ሊሰናበታት ሲመጣ ነፋሱ ኮፍያውን ባሕር ውስጥ ጣለበት፤ እሷም ሳቀች። የናቀችው መሰለው። እሷ የወጣችው ግን አትሂድ ልትለው ነበር። አፍራ ዝም አለች፤ እሱም አልጠየቃትም። ይህን እህቱ የጻፈችለት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው።»

የያዝኩትን ልብስ ሻንጣው ላይ አስቀመጥኩ።

«አላህ ይስጣት፤ ተናግራ ቢሆን እኔ አልወለድም ነበር። የአንቺ ዝምታ ግን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ያላ! ሂጂና ንገሪው!»

አምጃድ የሚሏትን ትንሽ ታክሲ ተሳፍሬ ካርቱም ሁለት ደረስኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ሰልፉን አልፌ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ።

«ሁዘይፋ፣ አልሳቅሁብህም» አልኩት። «እሺ፣ የመጀመሪያው ቀን ስቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት የምነሣው ያን ቃል ለመስማት ነበር። ባርምህ ዳግመኛ አትለውማ! የቷ ሞኝ ናት በየቀኑ ላግባ የሚላትን ሰው ተሳስተሃል የምትለው? ቅዳሜ ልሄድ ነው። ሳልነግርህ ከምሄድ ተዋርጄም ቢሆን ነግሬህ ልሂድ ብዬ ነው የመጣሁት። እወድሃለሁ።»

ሰልፈኛው አማርኛ ባይሰማም ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ በዓረብኛ «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ። የማተሚያው ማሽን ብቻ ወረቀት ይተፋል።

«ትርጉሙን አላውቅም ነበር» አለ ሁዘይፋ ቀስ ብሎ። «ግን ዘሊካ፣ ወላሂ፣ ባውቅም እለው ነበር።» ከዚያ ማሽኑን አጠፋው። «ኸላስ፣ በቃ። ቅዳሜ የለም። አጎትህ የት ነው?»

አጎቴ ኑርሁሴን አል-ሳሃፋ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለው። የሁዘይፋ ሽማግሌዎች ሲቀርቡ «አማርኛ የማይችል ልጅ» ብሎ አንገራገረ። ሀጃ በረራቸውን አዘግይተው ከሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጠው ነበር።

«የአያቴ ዓረብኛ ከዚህ የባሰ ነበር» አሉት። «ስምንት ልጅ ወልዶበታል።»

እናቴ በስልክ አለቀሰች፣ መረቀች፣ ከዚያም «ያጨሁልሽን ሰውዬ ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ሰላም በይልኝ» አልኳት።

ኒካህ በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አጎቴ ግቢ ታሰረ። ወንዶቹ ዳሱ ሥር፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ነኝ። ደንቡ የታወቀ ነው። ምስክሮቹ በሩ ላይ ቆመው የሙሽራዋን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እሷ አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እሺታ ነው። ፋጤ ከጠዋት ጀምሮ «ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ነውር ነው» እያለች ስታስጠናኝ ውላለች።

ሁለቱ ምስክሮች መጡ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዘሊካ፣ አጎትሽ ኑርሁሴን አንቺን ለሁዘይፋ—»

«ፈቅጃለሁ!» አልኩ።

ድምፄ ግቢውን አልፎ መንገድ ሳይደርስ አልቀረም። ፋጤ አፏን ያዘች፤ ሀጃ ኒዕማ እልልታውን አቀለጡት። ከዳሱ ሥር የሁዘይፋ ሳቅ ተሰማ። ምስክሩ ግራ ገብቶት ጓደኛውን አየና፣

«እኔ እኮ ገና ጠይቄ አልጨረስኩም» አለ።