እጁን የሚያነሳው ተከላካይ

ያ ቡድን ይከላከላል ማለት በመከላከል ላይ መቀለድ ነው። የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሲያጠቃ ለዓይን ደስ ይል ነበር፤ ኳሱ ተጋጣሚ እጅ የገባ ጊዜ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ቤት ነው። የፈለገ ይገባል፣ አስቆጥሮ ይወጣል።

አሰልጣኙ መላ ቢጠፋቸው ስታትስቲክስ ትምህርት ክፍል ሄደው የምትረዳቸው ተማሪ ለመኑ። ልጅቷ ላፕቶፗን አቅፋ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንሸራቶ መጣች። ተጫዋቾቹ ገና እንዳዩዋት «ካልኩሌተር» አሏት፤ ስሙም ተጣበቀባት።

ስሙን ያወጣላት ምሰሶ ነው። ምሰሶ ራሱ በቁመቱ ነው እንዲህ የተባለው፤ ከቅርጫቱ ስር የማይጠፋ፣ ሳቅ የሚቀድመው ልጅ ነበር።

«ካልኩሌተር፣ እስቲ ንገሪኝ» አላት አንድ ከሰዓት፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ አጠገቧ እየተቀመጠ። «የገባብንን ነጥብ ቦርዱ ላይ ሁላችንም እናየዋለን። አንቺ ምኑን ነው የምትቆጥሪው?»

«ቦርዱ ያታልላል። ፈጣን ቡድን ብዙ ያጠቃል፣ ብዙም ይጠቃል። ቀርፋፋው ደግሞ ሁለቱም ያንሱታል። ስለዚህ እኔ የማየው፣ መቶ ጊዜ ብንጠቃ ስንት ነጥብ ይገባብናል የሚለውን ነው።»

«እና ስንት ይገባብናል?»

«ሊጉ ውስጥ ካለ ቡድን ሁሉ የበለጠ።»

«ኧረ ቀስ በይ! ትንሽ እንኳ አታባብይም?»

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ጉዱ የፈላው ከሳቁ በኋላ ነው። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ስክሪኑን ለማየት ብታቀረቅር ቁጥሩ ሁሉ ተደበላለቀባት። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ሲያልቅ እስከ ማደሪያዋ የሚሸኛት እሱ ሆነ። እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም። ግን መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅ ሁለቱም እግራቸውን ይጎትቱ ነበር።

አሰልጣኙ አንድ ቀን ቢሯቸው ጠሯት።

«እያንዳንዱ ነጥብ በማን በኩል እንደገባብን ለይተሽ አምጪልኝ። ለማንም እንዳትናገሪ። ደግሞ አደራ፣ እንዳታዳዪ!»

እንዳታዳዪ! ይቺ ቃል ናት እረፍት የነሳቻት። ምሰሶን እንደምትወደው ልቧ ያውቃል፤ ልቧ ካወቀ ደግሞ ግቢው ሁሉ ያወቀባት መሰላት። የጨዋታዎቹን ቪዲዮ እያቆመች እያስኬደች፣ እያንዳንዱን ነጥብ ለአስቆጣሪው ቅርብ በነበረው ተከላካይ ላይ ትመዘግባለች። ብዙው ግልጽ ነበር። ጣጣው ሁለት ተከላካዮች እኩል የቀረቡ ጊዜ ነው። የማን ጥፋት ነው ትበል?

እዚህ ላይ ያሳሳታት ምሰሶ ራሱ ነው። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር አንድ እጁን ከፍ አድርጎ «ጥፋቱ የኔ ነው!» ብሎ የመጮህ ልማድ አለው። ቪዲዮው ውስጥ ያቺ ረጅም እጅ ብድግ፣ ብድግ ትላለች። «ራሱ አምኗል እኮ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለች። አጠራጣሪዎቹን በሙሉ እሱ ላይ ጫነቻቸው። አላዳላሁም ብላም፣ ጉዷ ነው፣ ትንሽ ኮራች።

የቡድኑ ትልቁ ቀዳዳ ምሰሶ ሆኖ ወጣ። አሰልጣኙ ውጤቱን አይተው በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ ከሁሉም እሱን ነበር የማምነው» አሉ። በማግስቱ ከቋሚዎቹ አስወጡት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥም ነገሩት። ኮሌጁ የሚያስተምረውና የሚያሳድረው ስለሚጫወት ብቻ ነው፤ ቡድኑን ካጣ ትምህርቱንም አጣ ማለት ነው።

ያን ቀን ሲሸኛት አልቀለደም።

«ቁጥሩ ነው እንዲህ ያለው አሉኝ። ማን እንደሠራው ግን አልነገሩኝም። አንቺ ታውቂያለሽ?»

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «እኔ… እኔ እንጃ።»

«እንግዲህ ልክ ይሆናላ። ቁጥር ከኔ ጋር ምን ጠብ አለው?» አለና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወስዶ ያዘላት። እንዳይከብዳት አስቦ ነው እኮ! ላፕቶፑ ያለው ደግሞ እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች።

በቀጣዩ ጨዋታ እናቱ መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸውን ዘግተው፣ በአውቶብስ ተንገላተው፣ ልጃቸው ሲጫወት ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ። ይቅርብዎት ለማለት አንጀቱ አልቻለም። ካልኩሌተር አጠገብ አስቀምጧቸው፣ ራሱ ሄዶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«አንቺ ነሽ አይደል? ስልክ በደወለ ቁጥር ወሬው አንቺ ነሽ» አሉና ጉንጯን ሳሟት። ጨዋታው ተጀመረ። እናት ሜዳውን ትተው ልጃቸውን ያያሉ።

«የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የሚገባው?»

«ትንሽ ቆይቶ ይሆናል፣ እማማ።»

«አሞት ይሆን? ወይስ ያጠፋው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋም!» አለች፤ ከአፏ አመለጣት። እውነቷን እንደተናገረች የገባት ግን ቆይቶ ነው።

ሜዳው ዝም ብሏል። ምሰሶ ሲኖር «ከኋላህ ነው! ግራህን እይ! እኔ አለሁ፣ ሂድ!» የሚል ድምፅ አይጠፋም ነበር። አሁን አምስቱም አፋቸውን ዘግተው እርስ በርስ ይጋጫሉ። ጥይት የሚሉት አጭሩ ተጫዋች የሚጠብቀው ሰው አመለጠው፤ የሚደርስለት ጠፋ። ደግሞ አመለጠው፤ አሁንም ማንም የለም። ያኔ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ነጥብ ሲቆጠር ምሰሶ ቅርብ ሆኖ የሚገኘው የሌላውን ቀዳዳ ሊደፍን የሚሮጠው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የራሱን ሰው ትቶ ይሮጣል፣ ለጥቂት ይዘገያል፣ የሰውን ጥፋት ተሸክሞ እጁን ያነሳል። ከሜዳ ወጥቶ ስለማያውቅ ደግሞ፣ እሱ የሌለበትን ቡድን ለክታው አታውቅም ነበር።

ተሸነፉ፣ ያውም የሰው መሳቂያ ሆነው። እናቱ ከቦርሳቸው አዲስ ፎጣ አወጡ፤ ጠርዙን በሰማያዊ ክር ራሳቸው የጠለፉት ነው። ትንሽ አዩትና መልሰው አጣጠፉት።

«ላብ እንኳ አልነካው፣ ምን ያደርግለታል» አሉ።

ካልኩሌተር ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ተነስታ የተጫዋቾቹን ክፍል አንኳኳች። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል፣ አሰልጣኙ ቆመዋል።

«ኮች፣ ይፍቀዱልኝ፣ ልጆቹም ይወቁት፤ ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።» ምሰሶ ቀና አለ፤ እሷ ግን ልታየው አልደፈረችም። «ተሳስቻለሁ። ቅርብ የነበረውን እንጂ ቀዳዳውን ማን እንደከፈተ አላየሁም። ያጠራጠረኝን ሁሉ ደግሞ እሱ ላይ ጻፍኩት።»

«ለምን እሱ ላይ?»

«ስለምወደው» አለች። «አዳላች እንዳልባል ብዬ በደልኩት።»

እንዲህ ያለ የፍቅር ኑዛዜ ማን ሰምቶ ያውቃል? የሳቀ ግን የለም። እሷም እጇን እንደሱ ከፍ አድርጋ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች።

ጥይት የጫማውን ክር እየፈታ አጉረመረመ። «የሚያመልጡት እኔን ነው፣ ኮች። እሱ እጁን ሲያነሳልኝ ዝም እያልኩ ነው።»

አሰልጣኙ ግንባራቸውን አሹ። «ልጁ ነገውኑ ቦታው ይመለሳል። አንቺም እንደገና ትሠሪዋለሽ» አሉ። ምሰሶ ግን ፎጣውን አንስቶ በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

እንደገና ሠራችው። ምሰሶ ገባ፣ ጮኸ፣ ሮጠ። ቡድኑ ተአምር ባይሠራም በሩን ገርበብ ማድረግ ቻለ፤ አሰልጣኙም ቦታው የሱ እንደሆነ አረጋገጡለት። ካልኩሌተር ግን ማደሪያዋ የምትገባው ብቻዋን ነበር። ያ ቶሎ ያልቅባት የነበረ መንገድ አሁን አላልቅ አላት። ይበለኝ፣ የእጄን ነው ያገኘሁት ትላለች።

ከአንድ ጨዋታ በኋላ የሜዳው መውጫ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። አንገቱ ላይ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ፎጣ አለ፤ በላብ ርሷል።

«ቁጥሩ አልነበረም ያናደደኝ» አላት። «ሰው ይሳሳታል። ጠይቄሽ እንጃ ያልሽኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ቀን ቦርሳውን ስይዝልሽ፣ እኔ ነበርኩ ውስጡ አይደል?»

«አንተ ነበርክ» አለች፤ እንባዋ መነጽሯን አደበዘዘው። እጇን ቀስ ብላ አነሳች።

ምሰሶ ወደ እሷ ቀረበ። ከዚያ ያነሳችውን እጅ አውርዶ በመዳፉ ውስጥ ያዘው። ይዞት አያውቅም ነበር።

«በቃ፣ እጅሽን አውርጂ። እጅ የሚያነሳ ለዚህ ቡድን አንድ ሰው ይበቃዋል» አላት። «ቦርሳውን ግን ራስሽ ተሸከሚው።»

«እሸከመዋለሁ» አለች።

እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ቦርሳው ከባድ ነበር፤ እሷም ያዝልኝ አላለችውም።