መተላለፊያው ላይ የተሰካው ገመድ

ችኩሌ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ የጫማዋን ማሰሪያ ሳታስር ስለምትሮጥ ነው ቤተሰቧ ችኩሌ የሚላት። የምትኖረው ከእናቷና ከአባቷ ጋር ነው። ቤታቸው ከጎረቤት ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል፤ መብራትም ለሁለቱም ቤት የሚመጣው በአንድ አሮጌ መስመር ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ችኩሌ አባባና እማማ ትላቸዋለች። የአባባ ሳንባ ደክሟል። አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አድርገው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን እያገዛቸው ነው የሚተነፍሱት።

በዚያ ሰሞን አባቷ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ልጆች፣ እንዲህ ያለ መኪና ቤንዚን አይጠጣም፤ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ግን ስልክ በማንኪያ ይጠግባል፤ መኪና ድስቱን ሙሉ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ መስመሩን አየና አባቷን አስጠነቀቀው።

«ለመኪናዋ የራሷን ወፍራም ገመድ እስክዘረጋላችሁ ድረስ፣ ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ሲጠፉ ብቻ ቻርጅ አድርጓት። ከዚያ በላይ መስመሩ አይችልም።»

«ሰማሽ ችኩሌ?» አለ አባቷ። «እኔ ሳልኖር እንዳትነኪያት።»

«እሺ አባዬ» አለች። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ አይደል ልጆች?

ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። በማግስቱ ችኩሌና ሌሎቹ መዘምራን ልጆች ራቅ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሊዘምሩ ነው። ችኩሌ «በአባቴ መኪና እንወስዳችኋለን» ብላ ለጓደኞቿ ደረቷን ነፍታ ነበር። የመኪናዋ ባትሪ ግን ተሟጧል። አባቷ «ራት ተሠርቶ ሲያልቅ አስሞላታለሁ» ብሎ ጋደም አለ።

ችኩሌን አላስቻላትም። «ባይሞላስ? መሳቂያ ልሆን ነው» ብላ አሰበች። እናቷ ወጥ ቤት ምድጃው ላይ ናት። የውሃ ማሞቂያውም በርቷል። ችኩሌ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከቁም ሣጥን አወጣች። መተላለፊያው ላይ ባለው ሶኬት ሰካችና በመስኮት አሳልፋ ከመኪናዋ ጋር አገናኘችው።

አምፖሉ ደብዘዝ አለ። ትንሽ ቆይቶ የመብራቱ ማቋረጫ ጠቅ ብሎ ወደቀ። ማቋረጫ ሲወድቅ «በዛብኝ» ማለቱ ነው፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

«አሁን ይመጣል እማዬ» አለችና ወንበር ላይ ወጥታ ማቋረጫውን መለሰችው። ደግሞ ወደቀ። ደግማ መለሰችው። በዚህ ጊዜ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተታት፤ መብራቱም ከነአካቴው ጠፋ። ችኩሌ ክው አለች። ገመዱን ነቃቅላ አልጋዋ ሥር ወሸቀችው።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ አላደረጉም።

«የእኛም ጠፋ። ማሽኑ ቆሟል» አሉ። «ትንሿን የኦክስጅን ጠርሙስ ገጥሜላቸዋለሁ። ግን ብዙ አትቆይም።»

አባቷ ብድግ ብሎ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ለሐኪም ቤት ደወለ። አምቡላንሱ ከሩቅ ነው የሚመጣው አሉት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ግን ቅርብ ስለነበር ፈጥኖ ደረሰ።

«ምን ምን በርቶ ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«ምድጃና የውሃ ማሞቂያ» አለች እናቷ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለች እናቷ። ችኩሌ ወደ በሩ ጥግ ሸሸት አለች።

«በእነዚህ ብቻ እንዲህ አይሆንም» አለ ሠራተኛው። «የሆነ ቦታ ገመድ ተቃጥሏል። ቦታውን ሳላውቅ መብራቱን ብመልሰው ደግሞ ቤቱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።» ከዚያም ወጥ ቤት ገብቶ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ይፈታ ጀመር።

እየፈለገ ያለው ያለ ቦታው ነው። ይህን የምታውቀው ችኩሌ ብቻ ናት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ግን ከግድግዳው ወዲያ የአባባ ሳል ይሰማታል። ያስላሉ፣ ያርፋሉ፣ ደግሞ ያስላሉ። «አምላኬ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» አለች በልቧ።

ከዚያ ወጥ ቤት ገባችና «ጋሼ፣ እዚህ አይደለም» አለች። በእጇም ወደ ውጭ ጠቆመች። «መተላለፊያው ላይ ነው። መኪናዋን እኔ ነኝ የሰካኋት። ገመዱ አልጋዬ ሥር አለ።»

አባቷ ማራዘሚያውን ከአልጋዋ ሥር ጎትቶ አወጣ። ሠራተኛው ወደ መተላለፊያው ሮጦ ሶኬቱን ነቀለው። ከውስጡ ጭስ ወጣ። ከሶኬቱ ኋላ ያለው የመስመሩ ገመድ ከሰል መስሎ፣ ግድግዳው ውስጥ ካለው እንጨት ተጠግቶ ይጨስ ነበር። ሠራተኛው የተቃጠለውን ቆርጦ ለየና ለአባባ ቤት መብራቱን መለሰላቸው። ማሽኑ ሲነሣ ከግድግዳው ወዲያ ተሰማ።

ችኩሌ ማንም ሳይልካት ወደ አባባ ሄደች። እግራቸው ሥር ተንበርክካ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

የአባባ ትንፋሽ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

«ልጄ፣ እስከ መጨረሻው ዝም ብለሽ ቢሆን ኖሮ፣ ይቅር የሚልሽ ሰው አታገኚም ነበር» አሏት። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

ችኩሌ እዚያው ተደፍታ አለቀሰች። እሑድ ዕለት ለጓደኞቿ እውነቱን ነገረቻቸው፤ መዘምራኑም በአውቶቡስ ሄዱ። እሷ ግን አባቷን አስፈቅዳ ቀረችና አባባ አጠገብ ተቀምጣ መዝሙሩን ለእሳቸው ዘመረችላቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ጥፋት ስንሠራ ሳንደብቅ ቶሎ እንናዘዝ፤ የተደበቀ ጥፋት ከእኛ አልፎ ሌላውን ሰው ይጎዳልና።