የባሕር ወለል ምስክር

ኢንስፔክተር ተሻለች ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው የእነኑርሀን ቤት ስትደርስ ሟቹ ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ድሬዳዋ በሯን ዘግታ ከሙቀት የምትሸሸግበት ሰዓት ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ የጣሪያው ቬንትሌተር ብቻ ይዞራል።

ሟቹ ዶክተር ሚክዳድ ባሕር በሌለው ከተማ ተወልዶ፣ ዕድሜውን በመርከብ ላይ የባሕር ፍጥረታትን ሲመረምር ያሳለፈ ሰው ነበር። በቅርቡ ነው ታላቅ እህቱ ኑርሀን ዘንድ ሊያርፍ የመጣው። ክፍሉ ውስጥ እሷና ባሏ አብዲራህማን ቆመዋል። ሦስተኛው ናሁሰናይ ነው፤ በመርከቡ ላይ የሚክዳድ ረዳት የነበረ፣ ሊጠይቀው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ተመራማሪ።

«ወድቆ ነው» አለ አብዲራህማን። «የጠረጴዛው ጠርዝ መታው። ኢንስፔክተር፣ ጀናዛው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከመግሪብ በፊት መቀበር አለበት። አታቆዪን።»

ተሻለች ጎንበስ ብላ አየች። ቁስሉ ከማጅራቱ በላይ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደምም ፀጉርም የለም። በቁስሉ ዙሪያ ግን ጥቀርሻ የመሰለ ብናኝ አለ፤ ከአጠገቡም አንድ ጥቁር ድንጋይ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ስታነሣው ጣቶቿ ጠቆሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከባሕር ወለል ያመጣው ነው» አለች ኑርሀን። የእሷም የባሏም እጅ ጥቁር ነበር፤ በሕይወት ያለ መስሏቸው ሚክዳድን ሊያነሡት ሲሞክሩ ብናኙ ነክቷቸዋል። «ይህን ያህል ለማደግ ሚሊዮን ዓመታት ፈጅቶበታል ይለኝ ነበር። ለማንም አያስነካም።»

«ማን ነው የሚፈልገው?»

የመለሰው ናሁሰናይ ነው። «በጥልቁ ወለል ላይ እንደ ድንች ተበትኖ ይገኛል፤ ኒኬልና ኮባልት የሚባሉ ማዕድናት አሉት። ኩባንያዎች ለባትሪ ይፈልጉታል፤ በማሽን ሊለቅሙት ነው።»

«ቢለቀም ምን ይጎዳል?»

«ብዙዎቹ ፍጥረታት የሚጣበቁት እሱ ላይ ነው፤ ሌላ የሚይዙት ነገር የላቸውም። ማሽኑ የሚያስነሣው ጭቃ ደግሞ ርቆ ሄዶ ሌሎቹን ያፍናል።» ትምህርቱን እንደሚያነብ ተማሪ ድምፁን ሳይለውጥ ነበር የተናገረው።

ተሻለች ኑርሀንን ለብቻዋ ወደ ሳሎን ወሰደቻት።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ድንጋዩ ይለቀም አይለቀም ብሎ ለሚወስነው የአገሮች ጉባኤ በኮምፒውተር ሊመሰክር ነበር» አለች ኑርሀን። «ድሮ ለሙከራ የታረሰውን ወለል ቀርጾታል። አሳይቶኛል። የማሽኑ ዱካ ትናንት ያለፈ ነው የሚመስለው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የመርከቡ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ሌላውን ቅጂ ሁሉ ወስዶበታል፤ የቀረው አንድ ዲስክ ነው። አሁን እሱም የለም።»

«እንዴት አገኘሽው?»

«ከእንቅልፌ ተነሥቼ ሎሚ ልጨምቅለት ወጥ ቤት ገባሁ። ጠዋት የገዛሁት ሎሚ ሁሉ ተጨምቆ ልጣጩ ቀርቷል። አንተ ነህ ወይ ልለው ስገባ ወድቋል። ጮህኩ።»

አብዲራህማን ከጎረቤት በርጫ ላይ ጫት ስቅም ነበርኩ አለ። ሲጋራ ልገዛ ወጥቼ ነበር ብሎ ራሱ ጨመረ፤ ያየው ሰው ግን የለም። ቤቱ ይሸጥ በማለቱ ከሚክዳድ ጋር መጣላቱንም አልደበቀም።

«እኔ ከሆቴል መምጣቴ ነው» አለ ናሁሰናይ። «ጩኸቱን የሰማሁት በሩ ላይ ስደርስ ነው። አስከሬኑን አልነካሁም፤ ድንጋዩንም ዛሬ በእጄ አልያዝኩም።»

ተሻለች ወደ ወጥ ቤት ስትገባ አብዲራህማን ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ እጁን በሳሙና ይፈትጋል። ጥቁሩ አልለቅ ብሎታል። ናሁሰናይ በሩን ተደግፎ ያየዋል።

«ይሄ ነገር በምን ይለቃል?» አለች ተሻለች ወደ ናሁሰናይ ዞራ።

«እንጃ፣ ኢንስፔክተር። በጊዜ ብዛት ይጠፋ ይሆናል።»

ሁለቱ ሲወጡ ከልጣጮቹ አንዱን አንሥታ የገዛ ጣቶቿን አሸችበት። ጥቁሩ ወዲያው ለቀቀ።

ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሚክዳድ አልወደቀም» አለች። «ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ የድንጋዩ ብናኝ ግን ቁስሉ ውስጥ ነው። በድንጋዩ የመታው ሰው እጁ ጠቁሯል።»

አብዲራህማን መዳፉን አየ። «የኔ ጠቁሯል።»

«ያንተ የጠቆረው ስታነሣው ነው። ሎሚው ግን ኑርሀን ከመጮኋ በፊት ነው የተጨመቀው። ሞቱን ገና ማንም ሳያውቅ ይህን ጥቁር ሊያስለቅቅ የፈለገ ሰው ነበር። ሎሚ እንደሚያስለቅቀው አንተ ብታውቅ ኖሮ አሁን በሳሙና አትለፋም ነበር። ኑርሀንም እስካሁን እጇ እንደጠቆረ ነው። ከድንጋዩ ጋር ዓመታት የሠራ ሰው ግን ያውቃል። ስጠይቀው እንጃ አለኝ።» ወደ ናሁሰናይ ዞረች። «ሰዓትህን አውልቅ።»

ናሁሰናይ አወለቀው። ከማሰሪያው ሥር፣ ሎሚው ያልደረሰበት ቆዳ ላይ፣ ጥቁር መስመር ነበር።

«ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለ። «ኩባንያው ትልቅ ሥራ ሰጥቶኛል፤ ቪዲዮው ከታየ አበቃልኝ። ሌላው ይቅር፣ አብረን ያየነውን ነው የምናገረው አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መሥራቱን ቀጠለ።»

«ዲስኩስ?»

«በጓሮ ወጥቼ ድልድዩ ላይ ሄድኩ። ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት።»

ደጋው ላይ ዘንቦ ደቻቱ ከጠዋት ጀምሮ በደራሽ ጎርፍ ሞልቶ ነበር። ተሻለች ፖሊሶች ብትልክም እንደማያገኙት ታውቃለች። ናሁሰናይን ይዘውት ወጡ። አስከሬኑም ለምርመራ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነበረበት፤ አብዲራህማን ዛሬ እንደማይቀበር ሲነገረው አስከሬኑን በሚወስደው መኪና አብሮ ገባ።

አሥር ሰዓት ላይ የሚክዳድ ኮምፒውተር ጠራ። ኑርሀን ከፈተችው። በስክሪኑ ላይ ትልቅ አዳራሽ ታየ፤ ሰብሳቢዋ የወንድሟን ስም ጠራች። ኑርሀን በልጅነቷ በተማረችው ፈረንሳይኛ ወንድሟ ዛሬ መገደሉን ነገረቻቸው። የተገደለውም ያየውን እንዳይናገር ነው አለች።

ሰብሳቢዋ ኀዘኗን ገልጻ ማስረጃው ደርሷቸው እንደሆነ አጠገቧ ያለውን ሰው ጠየቀች።

«የሚታይ ነገር አለሽ?» አለቻት ወደ ኑርሀን ተመልሳ።

«እኔ አይቼዋለሁ። ልንገራችሁ?»

ሕጉ የሚፈቅደው ለተመዘገበ ተናጋሪ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረድታ ወደሚቀጥለው አለፈች። የሚቀጥለው የኩባንያው ሰው ነበር።

ኑርሀን የሰማችውን ለተሻለች በአማርኛ ነገረቻት። «የገደለውን ያዝሽልኝ» አለች። «እነዚህንስ ማን ይይዝልኛል?»

የተሻለች ሥልጣን ከድሬዳዋ ወሰን አያልፍም። የፖሊስ መኪና ውጭ እየጠበቃት ቢሆንም ወንበር ስባ ከኑርሀን አጠገብ ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ ድምፅ መስጠት ተጀመረ፤ የአገሮቹ ስም ተራ በተራ ይጠራል፤ ከየወንበሩ ያው «ይለቀም» የሚል መልስ ይመለሳል።