የለሰለሱት ፎጣዎች

ኦርቪል ፔትሪክ ምድር ቤት ካለችው አልጋው ላይ፣ ከልብስ ማድረቂያው ማሽን አጠገብ፣ ጉንጩ ቀልቶ ሞቶ ተገኘ። ሬሳ ሲገረጣ እንጂ ሲቀላ ማን አይቶ ያውቃል? መርማሪዋ ቴልማ ራስክ ደረጃውን ሳትጨርስ «የጋዝ ጢስ ነው፤ የታፈነበት ሰው ይቀላል» አለች።

ቤቱ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ነው። በጋዝ የሚሠራው ያ ማሽን ብቻ ነው፤ የባልና ሚስቱ ልጅ ሮዌና አሮጌውን የኤሌክትሪክ ማድረቂያ አስጥላ ለገና የገዛችላቸው።

«ማሽኑማ ከሁለት ሳምንት ወዲህ አይሞቅም» አለች ሚስቱ ጄኔቫ። «ይዞራል፣ ግን ቀዝቃዛ ነው። ልብስ ገመድ ላይ ነው የማሰጣው።»

«እውነቷን ነው፣ እሜቴ» አለ ታናሽ ወንድሟ ክላይድ፣ በፕላስተር የተያያዘ መነጽሩን እያስተካከለ። «በድን ነው። በድን ደግሞ ሰው አይገድልም።»

«ምላስህ ግን ደህና ሞቋል» አለችው ቴልማ።

ቅርጫት ውስጥ የነበረውን ፎጣ አነሳች። ገመድ ላይ የደረቀ ፎጣ እንደ ካርቶን ይገተራል፤ ይህን የማያውቅ አጥቦ የማያውቅ ነው። ይኼኛው እጇ ላይ ልስልስ ብሎ ወደቀ። ደጅ ወጥታ የማሽኑን ጢስ በግድግዳው በኩል የሚያስወጣውን ቱቦ አፍ አየች፤ በረዶው ሳይነካ ተቆልሎበታል። ተመልሳ ማሽኑን ፈታችው። የተቃጠለውን ፊውዝ ዘሎ የሚያልፍ ሽቦ፣ በአረንጓዴ ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘች።

ጄኔቫን፣ ክላይድንና ሮዌናን ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። ቱቦው ሲታፈን ሙቀት በዛበት፣ ፊውዙ ተቃጥሎ እሳቱን ከለከለ። ሁለት ሳምንት ኦርቪልን ያዳነው ያ ነው። ክላይድ፣ መነጽርህን ያያያዝክበት ፕላስተር ቀለሙ ምንድን ነው?»

ክላይድ መነጽሩን አወለቀ። «ኦርቪል ፎጣው አልደርቅ አለ ብሎ ጠዋት ለመነኝ። በፊት በኩል ነው የከፈትኩት፣ ኋላውን አላየሁም። እኔ ነኝ የገደልኩት።» ሁለት እጁን ለካቴና ዘረጋ።

«ቆይ። ጢሱ ደጅ ወጥቶ ቢሆን በረዶው ይቀልጥ ነበር። የወጣው ቤት ውስጥ ነው። አሁን ግን ቱቦው ግድግዳው ላይ ተገጥሟል። ሬሳ ቱቦ አይገጥምም። መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው?»

ጄኔቫ የወንድሟን እጅ አየች። ዝም ብትል እሱ ይታሰራል፣ እሷ ቤቷ ትቀራለች። አየችው፤ ደግማ አየችው። በመጨረሻ ከሽርጧ ኪስ ግራጫ የጨርቅ ብናኝ የተጠቀጠቀበት ስስ ረጅም ካልሲ፣ ስቶኪንግ፣ አወጣች።

«ሠላሳ ክረምት እንዲህ ነው ያደረግሁት። ቱቦውን ነቅዬ አፉ ላይ ስቶኪንግ አስራለሁ፣ ሙቀቱ ደጅ ከሚባክን ብዬ። ኦርቪል እግሩን ይበርደው ነበር። ሞቶ ሳገኘው ደንግጬ ቱቦውን መልሼ ገጠምኩት።»

«ያኛው እኮ የኤሌክትሪክ ነበር፣ ወይዘሮ ጄኔቫ። ይኼኛው እሳት አለው።»

«ሻጩ ነግሮኝ ነበር» አለች ሮዌና። «‹ቱቦው ደጅ ይውጣ› ብሎኛል። በግርግሩ ሳልነግርሽ ቀረሁ፣ እማዬ።»

ቴልማ የሦስቱንም ቃል ጻፈች።

ክላይድ እህቱን በአንድም ቃል አልወቀሰም። እሷ እስክትናገር ድረስ እጁን እንደዘረጋ ነበር። ጄኔቫ ያቺን መዘግየቷን እስክትሞት አትረሳትም።