ከሠላሳ ስምንት ጊጋ የቀረው

በዚህ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ከጨመርኩ፣ ይህን የሚጽፈው እጄ እዚሁ ኪቦርዱ ላይ ይድረቅ።

የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን አንብበው እንደሚስቁ አውቃለሁ። «እሱ ደግሞ አንዱን አሥር ነው የሚያደርገው» ይላሉ። ይበሉ። ስለ ሌላው ነገር ልክ ናቸው።

ይሄኛውን ግን አልነካሁትም... እንደሆነው ነው።

እዚህ ቻናል ላይ የማነበው አስፈሪ ታሪክ ሁሉ እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚጀምረው። የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው የጀመረው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ከመንገዱ ማዶ ጎማ ቤቱ ይንጫጫል።

ሥራዬ ቪዲዮ መጭመቅ ነው። ትልቁን ፋይል ኢንተርኔት ላይ እንዲጫን አሳንሰዋለሁ፣ ጥራቱ ሳይነካ። ቀላል መሰላችሁ? እስቲ የእህታችሁን ሠርግ በስልካችሁ አሳንሱትና ሙሽራዋን እዩዋት። የሳሙና አረፋ ነው የምትመስለው! እኔ የሦስት ቀን ሠርግ መዳፍ በምታህል ስልክ ውስጥ ከትቼ፣ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። ከአራት ከተማ ሰው ይመጣልኛል። እሺ፣ ከሁለት። ኮምፒውተሬ ሥራ ሲጀምር የሰፈሩ መብራት ይርገበገባል።

ባለቤቴ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ የመታወቂያ ፎቶ ታትማለች፣ ትቆርጣለች። ስቱዲዮው የሁለታችን ነው። እሷን ከጠየቃችኋት ግን የእሷ ነው።

እናላችሁ በዚያ ሰዓት አንዲት እናት ገቡ።

ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ጥቁር ለብሰዋል። ከቦርሳቸው የመነጽር ቤት አወጡ፣ ከመነጽር ቤቱ ውስጥ መሀረብ፣ ከመሀረቡ ውስጥ ደግሞ የካሜራ ሜሞሪ ካርድ።

«ልጄ፣ ቪዲዮ የምታሳንሰው አንተ ነህ?»

«ማሳነስማ ማንም ያሳንሳል፣ እማማ። እኔ የምሠራው ሌላ ነው።»

«ጀመረው» አለች ባለቤቴ፣ መቀሷን ሳታቆም።

እማማ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። አልሆነላቸውም።

ባላቸው ከሞቱ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ሦስቱ ልጆቻቸው በሦስት አገር ተበትነዋል፤ አንዳቸውም ለቀብሩ አልደረሱም። ካርዱ ላይ ያለው፣ ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት ሁሉም አንድ ሳሎን ውስጥ የተሰበሰቡበት የመጨረሻው ቀን ነው። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሠላሳ ስምንት ጊጋ። ልጆቹ የሚያዩበት ድረ ገጽ ደግሞ ከሁለት ጊጋ በላይ አይቀበልም።

«አንድ ደህና ፎቶ እንኳ የለውም» አሉኝ። «ከእሱ የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ በየቀኑ ትደውላለች... "እማዬ፣ አባዬን ላኪልኝ" ትለኛለች። ምንም እንዳይጎድልብኝ ልጄ። እሱን እንዳለ...»

አላስጨረስኳቸውም። ካርዱን ሰክቼ ቪዲዮውን ከፍቼው ነበር።

ጠባብ ሳሎን። ሁለት ጎረምሶችና አንዲት ጉንጫም ልጅ ይተራረባሉ። እማማ ራሳቸው ሳህን ይዘው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ደግሞ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ቡናማ ኮት፤ እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ።

ከማንም ጋር አያወሩም። በቀጥታ ወደ ካሜራው ነው የሚያዩት።

«አባባ እኚህ ናቸዋ!» አልኩ፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ ደቅኜ። «ወንበሩ ላይ ያሉት።»

እማማ መሀረቡን ዓይናቸው ላይ አድርገው ነበር። መልስ አልሰጡኝም። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ አዎንታ ቆጠርኩት።

«ከአባባ አንዲት ፀጉር ብትጎድል ይሄን ስቱዲዮ ዘግቼ ጎማ ቤት እቀጠራለሁ! ሐሙስ ይምጡ።»

ፋይሉን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩ። ካርዱን ፎርማት አድርጌ፣ ባዶውን መሀረባቸው ላይ አኖርኩላቸው። የቤታችን ደንብ ነው፤ ደንበኛ ካርዱን ንጹህ አድርጎ ነው የሚወስደው። ሃያ ዓመት ሙሉ ተመስግኜበታለሁ።

መጀመሪያ የጨመቅኩት ያኔውኑ ነው። በአንድ ሰዓት አለቀ። ከፈትኩት።

ሳሎኑ ጥርት ብሏል። የመጋረጃው አበባ፣ የጉንጫሟ ልጅ የጆሮ ጌጥ፣ የግድግዳው ሰዓት ቁጥሮች... ሁሉም በቦታቸው ናቸው።

አባባ ግን ደብዝዘዋል።

አልደነገጥኩም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የመጭመቂያው ፕሮግራም የማይንቀሳቀሰውን ነገር አንዴ ይይዘውና ይተወዋል፤ የሚሮጠው ከሚንቀሳቀሰው ኋላ ነው። አባባ ደግሞ ንቅንቅ አይሉም፣ ጥላ ውስጥም ናቸው። ፕሮግራሙ እንደ ግድግዳ ቆጥሯቸዋል ማለት ነው።

«አንቺ... ነይ እስቲ።»

«ምን ሆንክ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው አለ። ይቺን እያት።»

ባለቤቴ ፎቶ የሚጠብቀውን ደንበኛ ትታ፣ በአንድ ዓይኗ አየችልኝ።

«እ... ወንበሩ ደብዘዝ ብሏል።»

«የምን ወንበር? ሰውዬው ነው እንጂ!»

«እሺ፣ ሰውዬው» አለችና ወደ መቀሷ ተመለሰች።

ረቡዕ ጠዋት በሁለት ዙር ጨመቅኩት። በሁለት ዙር ማለት ፕሮግራሙ አንዴ ሙሉውን አይቶ ያጠናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይሠራል። ጊዜ ይፈጃል እንጂ ጉድ የሚያሰኝ ጥራት ይሰጣል።

ከፈትኩት።

አባባ ከወገባቸው በላይ የሉም።

እዚህ ላይ ጠጋ በሉ... ይህን የሚረዳ ሰው ጥቂት ነውና። ጭመቃ ያደበዝዛል። ጭመቃ ይቆራርጣል። ከሰው ጀርባ ያለውን ነገር ግን ሊያሳይ አይችልም፤ ካሜራው ያላየውን ከየት ያመጣዋል?

እኔ ግን የወንበሩን መደገፊያ አየሁት። አረንጓዴ ነው። አራት ቁልፎች ተሰፍተውበታል፤ አንዷ ክሯ ላልቶ ተንጠልጥላለች። አባባ ተደግፈውት የነበረው ቦታ ላይ!

ክው አልኩ።

ኦሪጂናሉን ከፈትኩ። አባባ እዚያ አሉ፤ ሙሉ ናቸው። እፎይ ልል ስል... እጃቸው።

ማክሰኞ ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ነበሩ። አሁን ቀኝ እጃቸው ጉሮሯቸው ላይ ነው።

ወደፊት አሳለፍኩት፣ ወደኋላ መለስኩት። ሃምሳ ሁለቱንም ደቂቃ እጃቸው እዚያው ጉሮሯቸው ላይ ነው።

እኔ ደፋር ሰው ነኝ። ጅብ አባርሬ አውቃለሁ፤ አንድ ሳይሆን መንጋ። በዚያ ጠራራ ፀሐይ ግን ጀርባዬን ላብ አጠመቀው።

«ምሳ አትበላም?» አለች ባለቤቴ።

«ሰውዬው ተንቀሳቅሰዋል።»

«ቪዲዮ አይደል እንዴ? ይንቀሳቀሱ እንጂ።»

«አንቺ... እየቀለድኩ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ምሳዬን ክዳኑን ከፍታ አጠገቤ አኖረችልኝ። እንዲህ የምታደርገው ስታዝንልኝ ነው።

የእማማ ፊት ከዓይኔ አልጠፋ አለ። «አባዬን ላኪልኝ» የምትለዋ ልጅ ባዶ ወንበር ልታይ ነው? በእኔ እጅ? ፍርሃቱን ዋጥ አድርጌ አንድ መላ ዘየድኩ።

ሁለት ጊጋ እንደ ከረጢት ነው። ምስሉም ድምፁም የሚሞሉት ያንኑ ከረጢት ነው። የድምፁ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ግን ለአባባ ፊት እያንዳንዷ ጠብታ ታስፈልገኝ ነበር። ስለዚህ ድምፁን እስኪበቃው ጨመቅኩት።

ደግሞም የሚያናድድ ድምፅ ነው። ካሜራውን የያዘው ሰው አንድ ደቂቃ ዝም አይልም። ያስላል። በራሱ ቀልድ ይስቃል። «አንቺ ጉንጫም፣ ወደዚህ ዙሪ!» ይላል። በማይክራፎኑ ላይ ይተነፍሳል። ካሜራ ይዞ መለፍለፍ የጀማሪ ሥራ ነው። የድምፁን ሞገድ ስክሪኑ ላይ ዘርግቼ፣ የእሱ ድምፅ ያለበትን ሁሉ በዓይኔ እየለየሁ አጠፋሁት። አምስት መቶ ሳል ነቅያለሁ። ቢያንስ መቶ። አንዷንም አላስተረፍኩም፤ እንደ እኔ አድርጎ የሚያጸዳ ካለ ይምጣ!

ሐሙስ ጠዋት ሦስተኛውን ከፈትኩ።

አባባ ተመልሰዋል።

ቅንድባቸው፣ የኮታቸው ስፌት፣ የግንባራቸው መስመር... ጥርት፣ ኩልል ብለው። ከደስታዬ ብዛት ወንበሬ ላይ ቆሜ ጨፈርኩ። ባለቤቴ መቀሷን ይዛ ታየኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ «ቦታ የለም» አለኝ። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ። ሠላሳ ስምንቱን ጊጋ ሰረዝኩት። የተሰረዘው የሚጠራቀምበትንም ባዶ አደረግኩ። ሥራው ካለቀ ኦሪጂናል ምን ያደርጋል?

ስምንት ሰዓት ላይ እማማ መጡ። ጥሩውን ወንበር ሰጠኋቸው።

«እማማ፣ ዛሬ የሚያዩትን በዚህ አገር ሌላ የሚሠራው የለም» አልኩና ከፈትኩላቸው።

በመጀመሪያው ደቂቃ ፈገግ አሉ። ልጆቻቸውን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ፈገግታቸው ቀስ እያለ ረገፈ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ድምፁን ጨምረው፣ ልጄ።»

ጨመርኩት።

ስክሪኑ ላይ ጉንጫሟ ልጅ ድንገት ወደ ካሜራው ዞረች። ለማንም ያልተሰማ ቀልድ የሰማች ይመስል ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ አባዬ፣ በቃ ተው!» አለች።

ወደ ወንበሩ አይደለም የዞረችው። ወደ ካሜራው ነው።

ያን ጊዜ ነው ይህን ነገር የሰማሁት። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔ ወንበሩ ላይ ነበር።

«ድምፁ የታለ?» አሉ እማማ።

«የማን?»

«የባለቤቴ።»

«እማማ... አባባ እኮ አያወሩም። ዝም ብለው ነው የሚያዩት። ያውና።»

«የት?»

«ወንበሩ ላይ።»

እማማ ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም።

«ወንበሩ የእሱ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ልቅረጻችሁ ብሎ ከእሱ ላይ ተነሳ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ካሜራውን የያዘው እሱ ነው፣ ልጄ። እዚያ ላይ ማንም አልተቀመጠም።»

የባለቤቴ መቀስ ቆመ።

«ዋናው አለህ አይደል?» አሉኝ እማማ። «ሳሉም ቢሆን... እኔ ሳሉንም ነበር የምፈልገው።»

የተሰረዘው የሚጠራቀምበትን ከፈትኩት፤ ምንም የለበትም።

ባለቤቴ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየችኝ፤ ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች።

«ወንበሩ ባዶ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ባዶ ነበር። ደክሞህ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ።»

እማማ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስክሪኑ ላይ... አባባ እጃቸውን ከጉሮሯቸው ላይ አወረዱ። እኔን አልነበረም የሚያዩት። እማማን ነው።

አፋቸው ይከፈታል... ይዘጋል... ይከፈታል።

ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።